ምዕራፍ ሰባት፦ ከማንደጃው አጠገብ

የደብረ ብርሃን የክረምት ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል። ልጅ ሳለሁ ሐምሌን አያቴ ቤት ሳሳልፍ ቡና የሚፈላው በከሰል ነበር። ማንደጃዋ ከሁለት እፍኝ የማይበልጥ ከሰል ነው የምትይዘው፤ ስለዚህ ሙቀቷን ለማግኘት ጉልበቴ ሊነካት እስኪደርስ ተጠግቼ እቀመጣለሁ። ፊቴ ይግላል፣ ጀርባዬን ይበርደኛል። ዞር ብዬ ጀርባዬን ሳሞቅ ደግሞ ፊቴ ይቀዘቅዛል። ከሰሉ በድንገት ይንጣጣና ፍንጣሪው እግሬ ሥር ይወድቃል። አያቴ «ገፋ በል ልጄ፣ ያቃጥልሃል» ትለኛለች፤ ገፋ ስል ብርዱ ይመለሳል። በመጨረሻ ጋቢዋን አውልቃ ትደርብልኝ ነበር።

መስከረም 16 ደመራ ሲለኮስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሃያ እርምጃ ርቀን ቆመን እንኳ ወላፈኑ ፊታችንን ይገርፈናል፤ የሚጠጋው የለም።

ትልቁን እሳት ከሩቅ ይሞቁታል፣ ትንሹን ተጠግተው። ፀሐያችን ደመራ ናት፤ ምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ትሞቃታለች። በሰማይ ካሉት ከዋክብት አብዛኞቹ ግን ማንደጃ ናቸው። በዙሪያቸው ሕይወት ሊኖር ይችላል ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ የምናገኘው ተስፋም ሆነ ሥጋት ከአንድ ነገር ይመነጫል፤ እሱም ቅርበት ነው።

በዓይን የማይታዩት ብዙኃን

በምዕራፍ ሦስት ቡና ከተባለው ኮከብና አቦል ከተባለችው ፕላኔቱ ጋር ተዋውቀናል። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2019፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል በሰጠ ጊዜ ከኢትዮጵያ ነው። ቡና ከፀሐያችን የሚተልቅ ኮከብ ነው፤ አቦል ደግሞ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ፣ የሚቆሙበት መሬት የሌላት የጋዝ ግዙፍ ናት። ስሟ ደስ ይለኛል፣ ግን ሕይወት ፍለጋ ወደ እሷ አንሄድም። የምንሄደው ወደ ቅርብ ጎረቤቶቻችን ነው።

ጎረቤቶቻችን ደግሞ በአብዛኛው ቀይ ድንክ የሚባሉ ከዋክብት ናቸው። በእኛ ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ በምንለው የከዋክብት መንደር፣ ከአራቱ ኮከብ ሦስቱ ገደማ ቀይ ድንክ ነው። ይሁን እንጂ ጥርት ባለ ሌሊት ሜዳ ላይ ጋደም ብላችሁ የምታዩዋቸውን ከዋክብት ሁሉ ብትቆጥሩ አንድም ቀይ ድንክ አታገኙም። ሁሉም ለዓይናችን ደብዛዛ ናቸው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ እንኳ ሳይታወቅ ቆይቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው፤ ያገኘውም ጆሃንስበርግ ይሠራ የነበረው ሮበርት ኢነስ ነው። ርቀቱ 4.24 የብርሃን ዓመት ነው፤ ከእሱ የተነሣ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ አራት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ይጓዛል ማለት ነው።

የፕሮክሲማ ክብደት የፀሐይን 12 በመቶ ብቻ ነው። ኮከብ የሚነደው የራሱ ክብደት ማዕከሉን አጥብቆ ሲጨምቀው ስለሆነ፣ ክብደቱ ያነሰ ኮከብ በዝግታ ይነዳል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የፕሮክሲማ ገጽ 2,700 አካባቢ ነው። ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብረቱ በመጀመሪያ ይቀላል፣ ይበልጥ ሲግል ወደ ቢጫና ነጭ ይሄዳል። የእነዚህ ከዋክብት ቅላትም ከዚያው የመጣ ነው።

ዝግታው ግን ዕድሜ ይሰጣል። ሽሮ ሳይማሰል ምድጃ ላይ ቢቆይ ሥሩ ያርራል፣ ከላይ ያለው ገና አልበሰለም። ፀሐይም እንዲሁ ናት። ማዕከሏ ያለውን ሃይድሮጅን ትጨርሳለች፣ ከላይ ያለው ግን ወደ ታች አይወርድላትም፤ ዕድሜዋ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል የሆነው ለዚህ ነው። ትንንሾቹ ቀይ ድንኮች ከሥር እስከ ላይ ዘወትር እንደሚማሰል ድስት ናቸው። ያላቸውን ነዳጅ ቀስ እያሉ፣ ሳያስተርፉ ይጠቀሙበታል። ዕድሜያቸው በትሪሊዮን ዓመታት ይቆጠራል። ጽንፈ ዓለም ራሱ ገና 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ነዳጁ አልቆበት የሞተ ቀይ ድንክ የለም። ሕይወት ጊዜ የሚፈልግ ከሆነ እዚያ ጊዜ ሞልቷል።

ምን ያህል መጠጋት?

ሳይንቲስቶች ውሃ በፕላኔት ገጽ ላይ ሳይፈላና ሳይረጋ ሊቆይ የሚችልበትን የርቀት ክልል ምቹ ቀጣና ይሉታል። ለማንደጃ ምቹ ቀጣናው የት እንደሆነ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ራሳችን ልናሰላው እንችላለን።

ፕሮክሲማ የሚሰጠው ብርሃንና ሙቀት ከፀሐይ 600 ጊዜ ገደማ ያነሰ ነው። ሙቀት ደግሞ ስንጠጋ በፍጥነት ይጨምራል። ርቀቱን በግማሽ ብንቀንስ የሚደርሰን ሙቀት ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት እጥፍ ይሆናል። አሥር ጊዜ ብንጠጋ አሥር ጊዜ አሥር፣ መቶ እጥፍ። ሃያ ጊዜ ብንጠጋስ? ሃያ ጊዜ ሃያ 400 ነው። ከ600 ላይ 400ውን አስመለስን ማለት ነው፤ ምድር ከምታገኘው ሙቀት ሁለት ሦስተኛው።

ይህን ቁጥር የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በጊየም አንግላዳ-ኤስኩዴ የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን ልክ እዚያ ቦታ ላይ ፕላኔት አገኘ። ስሟ ፕሮክሲማ ቢ ነው። ከኮከቧ የምትርቀው 7.3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ለፀሐይ እጅግ የቀረበችው ሜርኩሪ እንኳ በአማካይ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የፕሮክሲማ ቢ አንድ ዓመት 11.2 ቀን ነው። እዚያ የቆመ ሰው ቢኖር ኮከቡን ከእኛ ፀሐይ በስፋት ሦስት እጥፍ አድርጎ ያየዋል።

ፕላኔቷን ግን ማንም አላያትም። የተገኘችው በምዕራፍ አራት በገለጽነው የመወዛወዝ ዘዴ ነው፤ ፕላኔቷ ስትዞር ኮከቧን በስበቷ ወዲህና ወዲያ ትጎትተዋለች። ቺሌ ውስጥ ላ ሲያ ተራራ ላይ ያለው መሣሪያ የለካው የኮከቡ ውዝዋዜ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ነው። ይህ እኔና እናንተ ወደ ገበያ ስንሄድ የምንራመደው ፍጥነት ነው። 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የእሳት ኳስ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲመጣና ሲሄድ መለካት መቻሉ ዛሬም ይደንቀኛል።

ፊትና ጀርባ

መጠጋት ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ዋጋ ሽክርክሪት ነው።

ስበት ለቀረበው ጎን ይበረታል፣ ለራቀው ይደክማል። ስለዚህ ኮከቡ የፕላኔቷን አንድ ጎን ከሌላው አብልጦ ይስባል፤ በዚህም አካሏ በትንሹ ይለጠጣል። ፕላኔቷ በራሷ ዛቢያ በሾረች ቁጥር ልጠጣው በአካሏ ላይ ቦታ ይቀያይራል፣ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋተጋል፣ ፍትጊያው እንደ ፍሬን ይይዛታል። ይህ የመለጠጥ ኃይል ከሙቀትም ይልቅ በቅርበት ይባባሳል። ሃያ ጊዜ መጠጋት ሃያ ጊዜ ሃያ ጊዜ ሃያ፣ 8,000 እጥፍ ያደርገዋል። ከኮከቡ ክብደት ማነስ ጋር አቀናንሰን ስናሰላው እንኳ ፕሮክሲማ ቢ የሚደርስባት ኃይል ፀሐይ በምድር ላይ ከምታሳድረው ወደ 1,000 ጊዜ ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ፍሬን ብዙ ዘመን ሲሠራ ፕላኔቷ አንድ ፊቷን ብቻ ለኮከቡ ማሳየት ትጀምራለች። አንድ ልጅ የጎጆ ምሰሶ በእጁ ይዞ ሲዞር አስቡት። ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ምሰሶው ነው፤ አንድ ዙር ሲጨርስ እሱም በራሱ ላይ አንድ ጊዜ ዞሯል። ጨረቃ ለእኛ የምታሳየን አንድ ፊቷን ብቻ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በእንዲህ ዓይነት ፕላኔት ላይ ፀሐይ አትወጣም፣ አትጠልቅም። በአንደኛው ወገን ዘላለም ቀትር፣ በሌላው ዘላለም ሌሊት፣ በመካከል ዙሪያውን የወገግታ ቀለበት ይኖራል።

ብዙ ዘመን ተመራማሪዎች ተስፋ የቆረጡት እዚህ ላይ ነበር። በጨለማው ወገን አየሩ ራሱ ረግቶ እንደ በረዶ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ከዚያም ፕላኔቷ አየር አልባ ትሆናለች ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ማኖጅ ጆሺና ባልደረቦቹ ጉዳዩን በኮምፒዩተር ሲያሰሉት ግን ያን ያህል የከፋ ሆኖ አላገኙትም። የምድርን አየር አንድ አሥረኛ የሚያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ካለ፣ ነፋሱ ሙቀቱን ከቀኑ ወገን ወደ ሌሊቱ እያጓጓዘ አየሩን ከመርጋት ያድነዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ፣ ውሃ ካለ በቀትሩ ወገን ወፍራም ደመና ተሰብስቦ ከብርሃኑ ብዙውን ወደ ሕዋ እንደሚመልስ አሳየ።

የአያቴ ጋቢ ያደረገልኝ ይህንኑ ነው። ከባቢ አየር የፕላኔት ጋቢ ነው። ከዚህ በኋላ ጥያቄያችን ይቀየራል፤ ፕላኔቷ ከኮከቧ ምን ያህል ትርቃለች ከማለት ይልቅ፣ ጋቢዋ አሁንም ላይዋ ላይ አለ ወይ እንላለን።

ፍንጣሪው

ቀይ ድንኮች ይንጣጣሉ። ከላይ ያየነው የማያቋርጥ መማሰል ከኮከቡ ሽክርክሪት ጋር ተዳምሮ ብርቱ የመግነጢስ ጉልበት ያመነጫል። የመግነጢሱ መስመሮች እንደ ላስቲክ ይወጠራሉ፣ ይጠላለፋሉ፣ በመጨረሻም ይበጠሳሉ፤ ሲበጠሱ የታመቀው ጉልበት በብርሃንና በጨረር መልክ ይወጣል። ፀሐይም እንዲህ ታደርጋለች፣ እኛ ግን ከደመራው ርቀን ነው የቆምነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2019 በርካታ ቴሌስኮፖች በአንድነት ፕሮክሲማን ሲከታተሉ ኮከቡ ፈነዳ። አልትራቫዮሌት በሚባለው፣ ቆዳችንን በሚያቃጥለው የብርሃን ዓይነት ሲታይ ፕሮክሲማ በሰባት ሰከንድ ውስጥ 14,000 ጊዜ ደመቀ። ሃያ ጊዜ ተጠግታ ለተቀመጠች ፕላኔት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ጨረር የኦዞንን ሽፋን ያፈርሳል፤ አብሮት የሚመጣው የቅንጣቶች ማዕበል ከአየሩ ላይ እየቆነጠረ ወደ ሕዋ ይወስዳል። ጋቢው እየተበሳሳ ይሄዳል።

ቢሆንም ማንደጃ ሁሉ እኩል አይንጣጣም። በ11 የብርሃን ዓመት ርቀት ያለው ሮስ 128 የተረጋጋ ቀይ ድንክ ነው፤ በዙሪያው የምትዞር ከምድር ጥቂት የምትከብድ ፕላኔትም እ.ኤ.አ. በ2017 ተገኝታለች። ደግሞም ጥቂት ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ አልትራቫዮሌትን ውጦ ያስቀረዋል። ባሕር ውስጥ ላለ ፍጥረት ፍንጣሪው ከላይ ያልፋል።

ከሰሉ ሳይፋም

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፍንጣሪው አይደለም፤ ሽክርክሪቱም አይደለም። ዛሬ ረጋ ብሎ የፋመውን ኮከብ አይተን ትናንቱን መርሳታችን ነው።

ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ይንቀለቀላል፣ ይጨሳል፣ ማንም አይጠጋውም፤ አያቴም ማንደጃዋን ደጅ አውጥታ እስኪፋም ትጠብቀው ነበር። ኮከብም ሲወለድ ሰፊ የጋዝ ኳስ ነው፤ በገዛ ክብደቱ እየተኮማተረ በዚሁ ምክንያት ከወትሮው አብዝቶ ያበራል። ፀሐይ ይህን ዕድሜ በ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጨረሰችው። ትንንሾቹ ቀይ ድንኮች ግን ለመፋም መቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ አንዳንዱ ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል።

አሁን ምቹ ቀጣና ውስጥ የምትገኝ ፕላኔት በዚያ ሁሉ ዘመን የት ነበረች? እዚያው ከነበልባሉ አጠገብ። ባለፈው ምዕራፍ ቬኑስ ላይ የደረሰውን አይተናል፤ ውሃዋ ተነነ፣ እንፋሎቱ ሙቀቱን ይበልጥ አፈነው፣ በመጨረሻ ውሃው ከእጇ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሮድሪጎ ሉገርና ሮሪ ባርንስ ያሳተሙት ስሌት እንዳሳየው፣ በቀይ ድንክ ዙሪያ ያለች ፕላኔት በዚህ የለጋነት ዘመን ከምድር ውቅያኖሶች የሚበልጥ ውሃ ልታጣ ትችላለች። ጨረሩ የውሃውን እንፋሎት ይሰብረዋል፤ ቀላሉ ሃይድሮጅን ይሸሻል፣ ከባዱ ኦክስጅን ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ መንገድ አንዲት ተክል ያልበቀለባት ደረቅ ፕላኔት ኦክስጅን በሞላበት አየር ተሸፍና ልትታይ ትችላለች። ስለዚህ አንድ ቀን «በሩቅ ፕላኔት ላይ ኦክስጅን ተገኘ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ከደስታው በፊት ኮከቡ ምን ዓይነት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

መውጫ መንገድ አለ። ፕላኔቷ ስትፈጠር ራቅ ብላ፣ በረዶ በበዛበት ቦታ ከነበረችና ብዙ ውሃ ይዛ ወደ ውስጥ ከገባች፣ ከሚባክነው የሚተርፍ ስንቅ ይኖራታል።

ስለ ውሃ ካነሣን አንድ የአገር ቤት ነገር ልጨምር። በደናክል ዝቅተኛ ቦታ፣ ዳሎል ላይ፣ ውሃ አለ፤ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ይፈልቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ የተመራ ቡድን አሲዱና ጨው እጅግ በበረቱባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሕያው ነገር ፈልጎ አላገኘም። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በአካባቢው ጥቃቅን ፍጥረታት አግኝቻለሁ ብሎ ስለነበር ክርክሩ ብርቱ ነበር። ሕይወት በሞላባት ምድር ላይ፣ በገዛ አገራችን፣ ፈሳሽ ውሃ ብቻውን የማይበቃበት ቦታ መኖሩ «ምቹ ቀጣና» የሚለውን ስም በጥንቃቄ እንድንይዘው ያደርገናል። ስሙ የሚናገረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው።

ጥላ ማንበብ

እስካሁን የቅርበትን ዕዳ ስንቆጥር ቆየን። አንድ ትልቅ ስጦታም አለው፤ ፕላኔቶቹን ለማጥናት ያመቻል።

ፕላኔት በኮከቧና በእኛ መካከል ስታልፍ ትንሽ ብርሃን ትከልላለች። ምድር በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ የሚያይ ቢኖር፣ የምትከልልበት ከ12,000 እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ያንንም ለማየት ዓመት መጠበቅ አለበት። በ40 የብርሃን ዓመት ርቀት ያለው ትራፒስት-1 የተባለው ቀይ ድንክ ግን በስፋቱ ከጁፒተር ብዙም አይበልጥም። ምድርን የምታህል ፕላኔት በፊቱ ስታልፍ ከ1,000 እጅ አምስትና ከዚያ በላይ ትከልላለች። ከትንሽ አምፖል ፊት የተያዘ እጅ የበለጠ እንደሚያጨልም ነው።

በቤልጂጉ የልዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሚካኤል ጊዮን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 በዚህ ኮከብ ዙሪያ ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉ አስታወቀ። ሰባቱም ምድርን በመጠን ይቀራረባሉ፤ ሰባቱም ሜርኩሪ ለፀሐይ ከምትቀርበው በላይ ለኮከባቸው ይቀርባሉ። ዙራቸው እንደ ከበሮ ምት የተመጣጠነ ነው፤ አራተኛዋ ሁለት ጊዜ ስትዞር ሦስተኛዋ ሦስት ጊዜ ትዞራለች። እንዲህ ያለ ምጣኔ ፕላኔቶቹ ከሩቅ ተያይዘው ወደ ውስጥ እንደገቡ ይጠቁማል፤ የውሃ ስንቅ ተስፋችንም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ግዙፉ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የመጀመሪያዋን ፕላኔት ትራፒስት-1 ቢን ለካ። ፕላኔቷ ከኮከቡ ጀርባ ስትገባ ስንት ሙቀት እንደሚጎድል በማየት የቀትር ወገኗ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሆነ አወቀ። ነፋስ ሙቀቱን ወደ ሌሊቱ ወገን ቢያካፍለው ኖሮ ከዚህ በቀዘቀዘ ነበር። እርቃኗን የቀረች ድንጋይ ትመስላለች። በዚያው ዓመት ሁለተኛዋም ሲ ተለካች፤ ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር አልተገኘባትም። ሁለቱ ግን ለእሳቱ እጅግ የቀረቡት ናቸው፣ ጋቢያቸው ቢቃጠል አይገርምም።

ዓይናችን ያለው አራተኛዋ ላይ ነው፣ ትራፒስት-1 ኢ። ስፋቷ የምድርን 92 በመቶ ያህላል፤ የሚደርሳት ሙቀት እንደ ፕሮክሲማ ቢ የምድርን ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የአራት ማለፎቿ ውጤት ታተመ። ሲወለዱ ከሚያገኙት ቀላል የሃይድሮጅን አየር የተረፈ እንደሌላት ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ እንደ እኛ ያለ ከባድ አየር ይኑራት፣ ወይስ እሷም እርቃን ትሁን ግን አልተለየም። ያስቸገረው ኮከቡ ራሱ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ነጠብጣብና ፍንጣሪ ከፕላኔቷ አየር የሚጠበቀውን ምልክት አስመስሎ ይሠራል።

ተመራማሪዎቹ የመረጡት መፍትሔ ብልህ ነው። ኢና ቢ ተከታትለው የሚያልፉባቸውን ሰዓታት ይጠብቃሉ። ቢ አየር ከሌላት፣ እሷ ስታልፍ የሚታየው ምልክት ሁሉ የኮከቡ ነው ማለት ነው፤ ያንን ከኢ ምልክት ላይ ሲቀንሱት የሚቀረው የኢ ብቻ ይሆናል። ለዚህ 15 ተጨማሪ ማለፎች ታቅደዋል። በእሳቱ ጋቢዋን ያጣችው ታላቅ እህት፣ ታናሿ ጋቢ ለብሳ እንደሆነ እንድናይ መስታወቱን እየወለወለችልን ነው።